ማክረሚያ

በዚህ በረት ድሮ አርባ ላም ነበረ፤
በዚህ በረት ዛሬ አርባ ቤት አደረ፣
ጎማ ያለው ቤት፣ መጋረጃ ያለው ጋሪ፣
በበጋ ከባሕር ባሕር ዟሪ፣ በክረምት እኔ ዘንድ አዳሪ።

የወተት ዋጋ ወድቆ ላሞቹ ሲሸጡ፣
ጋጣው ባዶ ሲቀር፣ ካራቫኖቹ መጡ።
ከየጋጣው በላይ፣ በኖራ የጻፍኩት
የላሞቹ ስም አለ፤ ማጥፋቱን አልወደድኩት።
“የእኔ ቁጥሩ ስንት ነው?” ሲል አዲስ ደንበኛ፣
“ያኮባ ጋር ግባ” እላለሁ፣ “ከጥግ ሁለተኛ።”

ፍሪስላንድ ሜዳ ነው፣ ተራራ አያውቅም፤
ከባሕር የተነሳ ነፋስ በሬን ሳይመታ አይቆምም።

በጥቅምት ማለቂያ ቺትስከ መጣች፣
ከኋላዋ ነጩን ቤት እየጎተተች፤
በሩን ሦስት ጊዜ ስታ በአራተኛው ገባች።
ሌላ ጊዜ ዊበ ነበር ወደ ኋላ የሚነዳው፣
እሷ “ግራ! ኧረ ግራ!” እያለች የምትቆጣው።
በየዓመቱ፣ እዚሁ በር ላይ፣ ይጣሉ ነበር፤
እኔም መንሼን ተደግፌ እሰማ ነበር።
ዘንድሮ ጸጥታ።
“ዊበስ?” አላልኳትም። መንደራችን ትንሽ ነው፤
የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰኔ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ከኪሷ ወረቀት አወጣች፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
በጣት ቅባት የወዛ፣ በእርሳስ የተጻፈ።
“አንብብልኝ ሀርመን፤ መነጽሬን ረሳሁ።”
መነጽሯ አንገቷ ላይ ነበር። አነበብኩ።

*ውሃውን አፍስስ፣ እስከ መጨረሻ ጠብታ፤*
*ውሃ አዝሎ የከረመ ቧንቧ ይሰነጠቃል ማታ።*
*የቧንቧውን አፍ ሁሉ ክፈት፣ እንደተከፈተ ይክረም፤*
*ውርጭ የሚጨብጠው ካጣ ምንም አይሰብርም።*
*ሲሊንደሩን ንቀል። ባትሪውን ቤት ውሰድ።*
*የፍሪጁን በር ፎጣ ሸጉጥበት፣ እንዳይዘጋ፤*
*የታፈነ ነገር ይሻግታል፣ እስኪመጣ በጋ።*
*ፍራሹን ከግድግዳ አርቀህ አቁመው እንደ ሰው።*
*ፍርፋሪ አትተው፤ አይጥን አንድ ፍሬ ሩዝ ይጠራዋል።*
*ጨው በሳህን አኑር፣ እርጥበቱን ይጠጣዋል።*

እሷ ትሠራለች፣ እኔ አነባለሁ።
ፍራሹን ስታነሳ አንድ ካልሲ አገኘች፣
አሸተተችና ምንም ሳትል ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ከታች በኩል፣ እርሳሱ ያልደበዘዘ፣
መስመሩ የተንሻፈፈ፣ ፊደሉ የተያያዘ።
እስከዚህ ሲያዝ የኖረው የገዛ ራሱን ነበር፤
ከዚህ በታች ግን ጀመረ እሷን ማናገር፦

*የእጅ ፍሬኑን ልቀቂው። በታኮ ይቁም።*
*ፍሬን ይዞ የከረመ ጎማ በበጋ አይላቀቅም፤*
*ብረት ከብረት ይጣበቃል፣ ብትጎትቺው አይሄድም።*
*አትፍሪ። ታኮ ካለው የትም አይሸሽም።*

“ልቀቂው ነው የሚለው?”
“ልቀቂው።”
እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች። ቆየች።
ያኮባን የጫኑ ዕለት እኔም ገመዱን እንዲሁ ይዤ፣
ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ እኔ መሬት ላይ ፈዝዤ…
ተዉት።

“ቋ” አለ። ቤቱ ግማሽ ጣት ያህል ፈቀቅ አለና
ታኮው ላይ ተደግፎ ቆመ፣ ትንሽ ተነፈሰና።

“ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ” አለች፣ መኪናዋ ገብታ።
“ግራ የሚለኝ ግን ማነው?” አለች፣ መስኮቱን ከፍታ።
“እኔ እልሻለሁ” አልኩ፣ “ከተሳሳትኩ ስደቢኝ።”
“እሱማ አይቀርልህም” አለች። ሳቀችብኝ።

ማታ መብራቱን ሳጠፋ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
“ደህና እደሩ” አልኩ፣ እንደ ድሮዬ፤ ልማድ አይሻር።
ቤት መቼም አይመልስም።
ግን በጨለማው፣ ከያኮባ ጋጣ፣
ከተከፈተው ቧንቧ ዘግይታ የመጣች
አንዲት ጠብታ
ባልዲው ውስጥ
እንደ ወተት ጠብ አለች።